የፊት ጎማው ለምን አይስብም?

አምስተኛ ክፍልን ጨርሼ ትምህርት ቤት በተዘጋበት ክረምት አብዛኛውን ቀኔን ያሳለፍኩት መኪና ሥር ተኝቼ ነው። የገርጂ ልጆች ሱዚ ሲዘሉ እኔ ጀርባዬን ካርቶን ላይ አድርጌ ወደ ላይ አንጋጥጣለሁ። እስከ ዛሬ ናፍጣና እርጥብ አፈር አንድ ላይ ሲሸቱኝ ያ ክረምት ይመጣብኛል።

እናቴ፣ ስሟ ለተብርሃን ነው፣ ወተት ሰብሳቢ ነበረች። ሲነጋጋ ነጯን ፒካፕ አስነስታ ለሚ አካባቢ ወዳሉ ገበሬዎች ትሄዳለች። ዛሬ ፋብሪካ የተደረደረበት ቦታ ያኔ የጤፍና የጓያ ማሳ ነበር። ከአሥራ አንድ ቤት ወተት ትቀበልና ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ገርጂና ቦሌ ላሉ ካፌዎች ታከፋፍላለች። አባቴ የሚያስተምረው ሌላ ከተማ ስለነበር የሚመጣው ለበዓል ነው። መኪናዋን መንዳቱም፣ ጎማ መቀየሩም የእሷ ሥራ ነበር። ትምህርት ሲዘጋ እኔም ጋቢና ገብቼ አብሬያት እሄዳለሁ።

በበጋ ፒካፗን የሚያቆማት አልነበረም። ክረምት ሲገባ ግን ያ ጥቁር መረሬ አፈር እንደ ሊጥ ይሆንና ጎማዋን ይውጠዋል። ያን ጊዜ የሚደርሱልን ከገበሬዎቹ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት ኦቦ ቶላ ነበሩ። ሁለት በሬዎቻቸውን አምጥተው በጠፍር ገመድ ያስሩና ይጎትቱናል። አንድ ቀን ከጭቃው ወጥተን እናቴ ስታመሰግናቸው ሳቁና፣ «ለተ፣ የእኔ በሬዎች ከፊት ነው የሚስቡት። የአንቺ መኪና ግን ከኋላ ብቻ ትገፋለች» አሏት።

እሳቸው ቀልደው ነው። እኔ ግን ያን ቀን ሙሉ ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ። ኋለኛው ጎማ ጭቃ እየረጨ ሲሽከረከር ፊተኛው ዝም ብሎ ተቀምጦ አይቻለሁ።

«እማዬ፣ የፊት ጎማው ሥራው ምንድን ነው?»

«መታጠፍ።»

«መታጠፍ ብቻ? ለምን አይስብም?»

እናቴ አንገቷን በመስኮት አውጥታ የፊቱን ጎማ አየች። ለስምንት ዓመት ስለነዳችው መኪና አንድም ቀን እንዲህ ብላ ጠይቃ እንደማታውቅ ፊቷ ላይ ታየኝ።

ብዙም ሳይቆይ ከጠዋት እስከ አሥር ሰዓት ጭቃ ውስጥ የቆምንበት ቀን መጣ። ኦቦ ቶላ ለቅሶ ሄደው ስለነበር በሬ የሚያመጣልን አልተገኘም። የአሥራ አንድ ቤት ወተት እዚያው ቢዶን ውስጥ ረጋ። በማግስቱ ኦቦ ቶላ እናቴን ለብቻዋ ወደ አጥሩ ጥግ ወሰዷትና ወተቱን የሚሸጡልን ሴቶች መሰላቸታቸውን፣ ትልቅ መኪና ያለው ሌላ ወተት ገዢ እንዳነጋገራቸው፣ እስከ መስከረም ብቻ ሊጠብቋት እንደተስማሙ ነገሯት። ስንመለስ እናቴ ይህንኑ ነገረችኝ። ገርጂ ስንደርስ ግን ወደ ቤት አልታጠፈችም፤ በቀጥታ ጋሽ ታደለ ጋራዥ ገባች።

ጋሽ ታደለ መነጽራቸውን በጎማ ክር አስረው የሚሠሩ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ መካኒክ ነበሩ። እናቴ መኪናዋን ባለ ሁለት ዲፈረንሻል አድርጎ የፊቱም ጎማ እንዲስብ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ጠየቀቻቸው። እሳቸው ተንበርክከው ከሥር አዩ፣ ተነሡ፣ እጃቸውን ጠረጉ።

«ይቻላል» አሉ በመጨረሻ። «ግን ቀላል አይደለም። ካምቢዮው ከነማርሹ ይወርዳል፣ የፊት ክፍሏም ሙሉ በሙሉ ይፈታል።»

ከጋራዡ ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ የእኛን የመሰለች፣ ግን በአራቱም ጎማ የምትስብ ፒካፕ ተገልብጣ መጥታ ተጥላ ነበር። የፊት ዲፈረንሻሏንና በእጅ የሚቀየረውን ካምቢዮዋን ከእሷ ወሰድን። ካምቢዮው ከጀርባው ሌላ ትንሽ ካምቢዮ ተለጥፎበታል። ጋሽ ታደለ ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው እሱ መሆኑን አሳዩኝ። ሥራው እስኪያልቅ እናቴ የጎረቤት ሚኒባስ ተከራይታ ከዋናው መንገድ ዳር ወተት ትቀበል ጀመር፤ ገበሬዎቹ ግን ያን ሁሉ ጭቃ በእግራቸው ማቋረጥ ነበረባቸው።

እኔ ጥያቄ አበዛሁ። ጋሽ ታደለ በመጨረሻ፣ «እስከ ምሳ ሰዓት ጥያቄ የለም» ብለው ደነገጉ። ምሳ ሲደርስ ግን ሳላስታውሳቸው ራሳቸው ይጠሩኛል። ዲፈረንሻል ምን እንደሚሠራ ያስረዱኝ በእናቴና በእኔ ነበር። እጅ ለእጅ አያይዘው በጋራዡ ጥግ እንድንዞር አደረጉን። ከውስጥ በኩል የነበረችው እናቴ ቆማ ልትቀር ምንም አልቀራት፣ እኔ በውጭ በኩል እየሮጥኩ ነው።

«አየሽ? መኪና ሲታጠፍ የውጭው ጎማ እንዳንቺ ብዙ መሮጥ አለበት። ሁለቱን ሳያጣላ የሚያስኬዳቸው ይሄ ነው» አሉኝ፣ በግራሶ የተለወሰውን ብረት መታ መታ እያደረጉ።

በሦስተኛው ሳምንት ተገጣጥማ አለቀች። ጋቢናው ውስጥ ከማርሹ ጎን የፊቱን ጎማ የሚያስገባ አዲስ አጭር ዘንግ በቅሏል። እናቴ ገብታ አስነሣች፣ አጭሩን ዘንግ ሳበችና ግራ እግሯን ከፍሪሲዮኑ አነሣች። ፒካፗ ትንሽ ሄዳ አቃሰተች። ጎማው ሲሚንቶው ላይ ጮኸ፣ ከሥር የሆነ ነገር ጓ አለ፣ ሞተሩ ጠፋ። ደግማ ሞከረች፤ ያው ነው። ጋሽ ታደለ ካምቢዮው ተጎድቶ ይሆናል፣ እንደገና ይውረድ አሉ። መስከረም ሊገባ የቀረው ሁለት ሳምንት ነበር። እናቴ ማርሹን አስገባች፣ አወጣች፣ ደግማ አስገባች።

«ጋሽ ታደለ፣ ካምቢዮው አይመስለኝም» አለች በኋላ። «ማርሹ ጥሩ ይገባል። እኔ የሚሰማኝ ከፊት በኩል ሰው ፍሬን እንደያዘብኝ ነው።»

ጥያቄ የተከለከለበት ሰዓት ነበር፤ አፌ ግን አልታዘዘኝም። «የፊቱ ከኋላው ይዘገያል ማለት ነው?»

ጋሽ ታደለ መነጽራቸውን አወለቁ። እኔም የሚቆጡኝ መስሎኝ ወደ እናቴ ተጠጋሁ። እሳቸው ግን ጠመኔ አምጪ አሉኝ።

መኪናዋን በክሪክ አንሥተው አራቱንም እግሯን ድጋፍ ላይ አስቀመጡ። የኋላውን አንድ ጎማ እሳቸው፣ ሌላውን እናቴ ይዘው እኩል ማዞር ጀመሩ። እኔ ከሥር ሆኜ ከካምቢዮ ወደ ኋላ የሚሄደውን ዘንግ፣ በጠመኔ ያሰመርኩበትን፣ እቆጥራለሁ። ጎማው አሥር ጊዜ ሲዞር ዘንጉ ሠላሳ ዘጠኝ ጊዜ ዞረ። ወደ ፊቱ ጎማ ሄድን። ቁጥር እንዳይጠፋኝ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ነው። አሥር ለአርባ ሦስት። እናቴ ተሳስተሽ ይሆናል ብላ ቦታ ተቀያየርን፣ እሷም ቆጠረች። አርባ ሦስት።

ጋሽ ታደለ መሬት ላይ ተቀመጡ። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። «ሞዴላቸው አንድ ነው ብዬ የዲፈረንሻላቸው ጥርስም አንድ ነው አልኩ። ዘንጎቹ እኩል ሲዞሩ የፊቱ ጎማ ከኋላው ይዘገያል፣ እየጎተተ የሚይዛት እሱ ነው። የተገለበጠችዋን መኪና የኋላ አክስልም ከነዲፈረንሻሉ መውሰድ ነበረብን።»

ወዲያው ወደዚያ ግቢ ሄድን። የኋላ አክስሉ የለም። ከሁለት ቀን በፊት ኮተቤ በኩል የፈረስ ጋሪ የሚሠራ ብየዳ ቤት ገዝቶታል። በጋሽ ታደለ አሮጌ መኪና ስንከንፍ፣ እናቴ በየቀይ መብራቱ ጉልበቷን እየመታች ነበር። ስንደርስ ሰውየው ለመቁረጥ አክስሉን በጠመኔ አስምሮ መቁረጫውን ሰክቷል።

«ወንድሜ፣ እባክህ እንዳትነካው!» ብላ መኪናው ሳይቆም ወረደች።

ሰውየው ደንግጦ መቁረጫውን አስቀመጠ። እናቴ ስለ ወተቱ፣ ስለ ጭቃው፣ ስለ ሠላሳ ዘጠኝና አርባ ሦስቱ ባንድ ትንፋሽ ነገረችው። የተረዳው ግማሹን ይመስለኛል። የእኛን አክስል በምትኩ እንደምንሰጠው ሲሰማ ግን፣ «ለፈረሱማ ምን ልዩነት አለው?» ብሎ ሳቀ። መተማመኛ እንዲሆነው መታወቂያዋን ትታለት አክስሉን ጫንን።

አክስሉ ተገጥሞ፣ የእኛውም ለሰውየው ተሰጥቶ፣ ጳጉሜን ላይ ወደ ለሚ ሄድን። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። ኦቦ ቶላ በሬዎቻቸውን ጠምደው ከጭቃው ማዶ ቆመው ይጠብቁናል። እናቴ ቆመች፣ አጭሩን ዘንግ ሳበች፣ በአንደኛ ማርሽ ገባች። እኔ አንገቴን በመስኮት አውጥቼ የፊቱን ጎማ ነበር የማየው። ጭቃውን ነከሰ። ጎማው መሬቱን ጎትቶ ወደ ራሱ ሲያመጣው አየሁት። መሃል ላይ ወደ ጎን ተንሸራተትን፣ እናቴ «እመቤቴ!» አለች፣ ነዳጁን ግን አልለቀቀችም። ማዶ ስንወጣ ሴቶቹ እልል አሉ። ኦቦ ቶላ ጎማውን በከዘራቸው ነካ ነካ አድርገው፣ በሬዎቹን ፈቱ።

ከዚያ በኋላ ያን መንገድ ለስድስት ክረምት ተመላለስንበት። ማሳው ለግንባታ ሲወሰድ ገበሬዎቹ ተበታተኑ፣ እናቴም ወተቱን ተወች፣ ፒካፗም ተሸጠች። ጋራዡ የነበረበት ቦታ ዛሬ ባለ ሰባት ፎቅ ሕንፃ ነው። የእኔን መኪና የሚመረምራት ኮምፒውተር ነው። የሚጽፈውን ኮድ አነብና እከፍላለሁ፤ ከሥር ምን እንዳለ አንድም ቀን ጎንበስ ብዬ አላየሁም።

ባለፈው ክረምት እናቴን ይዤ በለሚ አለፍን። ዝናብ እየዘነበ ነው፣ አስፋልቱ ያብለጨልጫል፣ የፋብሪካ ሠራተኞች ጃንጥላ ዘርግተው አውቶቡስ ይጠብቃሉ። ሳናውቀው የድሮውን ጭቃ አልፈነው ነበር። እናቴ ዞራ ፈለገችው፣ ግን ምልክት የሚሆን ዛፍ እንኳ አልቀረም።

«መንገዱ ደስ ይላል» አለች። ቆየት ብላ ደግሞ፣ «ማዶው ላይ የሚጠብቀኝ የለም እንጂ።»

ኦቦ ቶላ ካረፉ ቆይቷል። ልጃቸው ጫልቱ ግን የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ እንደምትኖር ሰምተን ነበር። መሪውን ወደዚያ አዞርኩና እንድትደውልላት ስልኬን ለእናቴ ሰጠኋት። ደረጃውን በየፎቁ እየቆምን፣ እሷም ትንፋሿን እየሰበሰበች ወጣን። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ልትቀመጥ ስትል ከላይ በር ሲከፈት ሰማን።

«ለተ! ቀስ በይ፣ እኔ እወርዳለሁ» የሚል የጫልቱ ድምፅ መጣ።

እናቴ ግን አልጠበቀችም፤ የደረጃውን ብረት ይዛ ወጣች።