በኖራ የተቀባው ገመድ

መብራት ገጣሚው ሥራዬ መሰላሉን፣ ሰፈሩ በአክብሮት አባይ በሚላቸው በአሮጊቷ በዋፊቃ ግድግዳ ላይ አስደግፎ ወጣ። ገመዱ የቱ ጋ እንደተቆረጠ ሊያይ ነው። መቆረጡን አልተጠራጠረም፤ ማን እንደቆረጠውም አልተጠራጠረም።

ከግማሽ ሰዓት በፊት ላፕቶፑን ከፍቶ ሲሞክር፣ የነስሮ የሠርግ አዳራሽ ግንባር በሰማያዊና በቀይ መብራት ደምቆለታል። ከሰማንያ ሜትር ወዲያ፣ የጠባቡ መንገድ መግቢያ ላይ ያለው ቅስት ግን ጨለማ ነው። የቅስቱ መቆጣጠሪያ ሣጥን ኤሌክትሪክ አለው፤ ትእዛዝ አይደርሰውም። ትእዛዙን የሚያደርሰው የኔትወርክ ገመድ ደግሞ የሚያልፈው በዋፊቃ ግድግዳ ላይ ነው። ቀኑ ሐሙስ፣ ሠርጉ ቅዳሜ። ነስሮ ቅስቱ ካልበራ ከዚህ በኋላ ሥራ የምሰጠው ለድሬዳዋ ሰው ነው ብሎታል።

ሥራዬ አቦከር ሰፈር ያደገ የወታደር ልጅ ነው። አሥራ አንድ ዓመት የስልክ መስመር ዘርግቷል፤ ከዚያ ዲሽ፣ ከዚያ የጥበቃ ካሜራ ገጠመ። ከዚህ ሁሉ የተማረው፣ መስመር ሲጠፋ ሰው ነክቶታል ማለትን ነው። ብዙ ጊዜም ልክ ነበር።

ዋፊቃን የሚጠረጥርበት ምክንያት አላጣም። ጊዜው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያለበት 2009 ነው፤ ሰው አዲስ ገመድ ሲያይ ድምፁን ይቀንሳል። አሮጊቷ ከመፍቀዳቸው በፊት ገመዱ ከቤታቸው መብራት እንደማይስብ፣ ወሬም እንደማይሰማ ሦስት ጊዜ አስምለውታል።

ዋፊቃ በራቸው ላይ ወጡ። ጎረቤት ሴቶችም ወጡ። ሥራዬ ከመሰላሉ ሳይወርድ፣ ካልፈለጉ መጀመሪያ እምቢ ማለት ነበረባቸው እንጂ በድብቅ መቁረጥ ነውር ነው ሲል ዋፊቃን ተናገራቸው።

«አንተ የወታደር ልጅ፣ ዓይንህን መሬት ትተኸው ነው የወጣኸው?» አሉት። «ኖራውን እይ።»

ገመዱ በተዘረጋ ማግስት ዋፊቃ ግድግዳውን ከነገመዱ ኖራ አስቀብተው ነበር። እሱ ለበዓል መስሎት ነበር።

«ማንም ቢነካው እንዲታወቅ ነው ያስቀባሁት። አንተም ብትሆን።»

ኖራው ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ስንጥቅ የለውም።

ወርዶ የአዳራሹንና የቅስቱን መቆጣጠሪያ ሣጥኖች ከፈተ። ሁለቱም ከፋብሪካ የመጡት በአንድ ዓይነት የኔትወርክ አድራሻ ነው። ለየብቻ ሲሞክራቸው ሠርተዋል፤ አብረው ሲገናኙ ትእዛዙን የሚቀበለው አንዱ ብቻ ነው። የአንዱን የመጨረሻ ቁጥር ለወጠ። ቅስቱ በራ። የፈጀበት አራት ደቂቃ ነው።

ይቅርታ ሊጠይቅ ተመለሰ። ዋፊቃ እስኪጨርስ ሰሙት።

«አልሐምዱሊላህ፣ በራልህ» አሉ። «አሁን ገመድህን ንቀል። ኖራውን እኔ አስጠግናለሁ።»

ለመነ። ነስሮም መጥቶ ለመነ። አልሆነም፤ ገመዱ ያን ማታ ወረደ።

መንገዱን ዞሮ ለመዘርጋት መቶ ሠላሳ ሜትር ነው፤ ይህ ዓይነት ገመድ ደግሞ ትእዛዝ ከመቶ ሜትር በላይ አያደርስም። መካከል ላይ ትእዛዙን ተቀብሎ የሚያሳልፍ አንድ ማቀባበያ ሣጥንና ለሣጥኑ የኤሌክትሪክ መሰኪያ የሚያበድር ቤት ያስፈልጋል። ሥራዬ ዓርብ ሰባት በር አንኳኳ። የየቤቱ ሴቶች አፎቻ በሚባለው የለቅሶና የሠርግ መረዳጃ ማኅበራቸው ዋፊቃን በሐሰት መወንጀሉን ሰምተዋል። አንዷ ብቻ ሣጥኑ ምን እንደሚሰማ ጠየቀችው። ሌሎቹ አልጠየቁም፤ በሩን ዘጉት።

ቅዳሜ ቅስቱን በተራ አምፖል አበሩት። በ2010 የነስሮን ሁለተኛ አዳራሽ መብራት የገጠመው ከድሬዳዋ የመጣ ሰው ነው።