ጌታሁን ሐሳቡን የለወጠ ዕለት

ወደ ኮሪያ የመዝመት ትእዛዝ ሲደርሰን ጌታሁን ያዘነው ለእኔ ሳይሆን ለመጽሐፉ ነበር። «ሳንጨርሰው ልትሄድ ነው?» አለኝ። ጌታሁን አብሮ አደጌ ነው፤ ከአትክልት ተራ በላይ በነበረች ጠባብ ሱቅ መጽሐፍ ይጠርዝ ነበር። የአንድ መጽሐፍ ሁለት ቅጂ ሲያገኝ አንዱን ለእኔ ይሰጠኛል። ከዚያ አንብበን እንጣላለን። የዚያን ጊዜውን ሻንጣዬ ውስጥ ከትቼ ለገሃር ባቡር ተሳፈርኩ።

ለእናንተ ለልጆች ጦር ሜዳ ተኩስ ብቻ ይመስላችኋል። አብዛኛው መጠበቅ ነው። ከኮረብታው ወገብ ላይ ምሽግ ቆፍረን፣ በረዶው ጣታችንን እያደነዘዘው፣ ማዶ ያለውን ጠላት ስንጠብቅ እንውላለን። ፖስታ ሲመጣ ጓዱ በሙሉ ይከበኛል። ጌታሁን እንደ ሰው የጤና ሰላምታ አያውቅም፤ «አንተ ድንጋይ ራስ!» ብሎ ነው የሚጀምረው። ክርክራችን በመጽሐፉ ውስጥ ስላለችው ሴት ነበር። የባሏን ሞት ሰምታ ዝም ብላ ጥጧን ትፈትላለች። እሱ ልበ ደንዳና ናት ይላል፤ እኔ አይደለችም እላለሁ። የጓዱ አዛዥ ሃምሳ አለቃ ወርቁ ከጌታሁን ጋር ወግኖ ያበሽቀኝ ነበር።

አንድ ቀን በሌላ ሰው እጅ የተጻፈ ደብዳቤ መጣ። «ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እጄን ቢላዋ ስለቆረጠኝ የምትጽፍልኝ እኅቴ ትርሲት ናት» ይላል። ዝቅ ብሎም ደህና ነኝ፣ መጨረሻው ላይም ደህና ነኝ።

ወርቁ አልሳቀም። «ደህና ነኝ የሚለው በዛ» አለ።

ቀጣዩ ደብዳቤ አጭር ነበር። «ስለ ሴትዮዋ እውነትህን ነው። ልቧ ደንዳና አይደለም። ካለቀሰች ልጆቹ ያውቁባታል።»

«ረታኸው!» ብለው ጓደኞቼ ጮኹ። እኔ ግን ደብዳቤውን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ጌታሁን ቢሞት ሐሳቡን አይለውጥም።

በአገራችን መርዶ በደብዳቤ አይነገርም፤ ለዘማችማ ጭራሽ። አፍንጮ በር ያሉት ቤተሰቦቹ መሞቱን ደብቀውኛል። እኔም እንዳላወቀ ሆኜ «እጅህን እግዜር ይማርልህ» ብዬ ጻፍኩ።

በዚያው ሰሞን ለቅኝት ወጣን። አመሻሽ ላይ ነበር። ጭጋግ ወርዷል። ወርቁ ከፊት፣ እኔ ከኋላው። ከቁጥቋጦው ውስጥ መትረየስ ተንጣጣ። ተኛን። ተኮስን። ቦምብ ወረወርን። ወርቁ «ቀኙን ያዙ!» አለ፤ ከዚያ ወዲያ ድምፁን አልሰማሁም። ተሸክሜ ምሽግ ሳደርሰው ሞቶ ነበር። አብረውን የወጡትን የዓለሙንና የተካን አስከሬን ጎህ ሲቀድ ተመልሰን አነሣን። በሳምንቱ ወደ አፍንጮ በር ስጽፍ «ወርቁ ሰላም ብሎሃል» አልኩ።

ደብዳቤው አልተቋረጠም። ትርሲት መጽሐፉን ጨርሳ ሌላ ጀመረች። ከግርጌ የወንድሟን ስም እየፈረመች፣ ከእሱ ብሳ ትሞግተኝ ጀመር። ቀለብ ቢዘገይ ግድ አልነበረኝም፤ ፖስታ ሲዘገይ ግን እንቅልፍ አይወስደኝም።

አዲስ አበባ በገባሁ ማግስት፣ ሳይነጋ፣ በሬ ተንኳኳ። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሽማግሌዎች ነበሩ። ጌታሁን የሞተው ሳንባውን ታሞ ነው አሉኝ። የማውቀውን እንደ አዲስ ሰምቼ አለቀስኩ። ኮረብታው ላይ ያላለቀስኩትንም ሁሉ አብሬ አለቀስኩ።

ለቅሶው ሲያበቃ ትርሲት አጠገቤ ተቀመጠች።

«መቼ ነው ያወቅኸው?»

«ሐሳቡን የለወጠ ዕለት።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«ብናገር መጻፍ ትተያለሽ ብዬ።»

ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ተንሰቀሰቀች።

ወርቁ፣ ዓለሙ፣ ተካ። ከጓዱ የሞቱት ሲቆጠሩ ሦስት ናቸው። ለብቻዬ ስቆጥር አራት ይሆኑብኛል። ጌታሁን ጥይት ሲጮኽ እንኳ ሰምቶ አያውቅም፤ እኔ ግን የቀበርኩት እዚያው ምሽግ ውስጥ፣ ጓደኞቼ ረታህ እያሉ ሲያጨበጭቡልኝ ነው።