የጎበጠች ጣሳ

ሾፌር ጣሃን ከአዋሽ እስከ ሎጊያ የማያውቀው አልነበረም። ከወሎ፣ ከወረባቦ ወርዶ አዋሽ ላይ መጀመሪያ መኪና አጣቢ ሆነ፤ ቀጥሎ ረዳት፤ በመጨረሻም ተሳቢ ያለው ፊያት ጨበጠ። ድምፁ ከሞተሩ በላይ ይሰማል። ቀልድ ይወዳል፣ ጫት ላይ ለጋስ ነው፣ ሰላቱን ግን ጎማ ቢፈነዳበትም አያሳልፍም። ሚስት አግብቶ ነበር፤ በዓመት ስንት ቀን ቤት እንዳደረ ብትቆጥርበት ተፋቱ። ከዚያ ወዲያ ሚሌ ላይ በተከራያት አንዲት ክፍል ብቻውን ይኖር ነበር።

በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ ሥራው ከጅቡቲ ወደብ የታሸገ የእርዳታ ምግብ ጭኖ፣ በጋላፊ ድንበር ገብቶ፣ ሚሌ መጋዘን ማራገፍ ነበር። ብስኩት፣ የዱቄት ወተት፣ የጣሳ ሥጋ፣ የጣሳ አሳ። ያኔ ሰመራ የሚባል ከተማ የለም። ዛሬ ቢሮ የተደረደረበት ሜዳ ጥቁር ድንጋይ ብቻ ስለነበር ሾፌር ዓይኑን ጨፍኖ ቢያልፈውም የሚቀርበት ነገር አልነበረም።

ሾፌሮቹ አንዲት ልማድ ነበረቻቸው። የመጋዘኑ ኃላፊ በለጠ የጎበጠ ጣሳ አይረከብም፤ ተለይቶ ይጣል የሚል ትእዛዝ አለበት። ሰው በረሃብ ሲያልቅ እያየ ምግብ የሚጥልበት አንጀት ግን አልነበረውም። "ጎባጣህን ይዘህ ጥፋልኝ!" ይልና ለሾፌሩ ይለቅለታል። ሾፌሮቹም ይህን ሲያውቁ፣ መንገዱ ያላጎበጠላቸውን ራሳቸው በክሪክ ብረት ማጎበጥ ጀመሩ። ነገርየዋ ሕግ ነበራት፤ ሆዱን እንጂ ከንፈሩን አትምታ። ሆዱ ቢጎብጥ ምግቡ ምንም አይሆንም። ከላይም ሆነ ከታች ክዳኑ የተገጠመበት ጠርዝ ከተነካ ግን አየር ይገባል፣ ውስጡ ይበላሻል፤ ያ ጣሳ አለቀለት። ስለዚህ ልጅ እንደሚኮረኩም ሰው በቀስታ ነበር የሚመቱት።

ጣሃ እዚህ ውስጥ እጁን አስገብቶ አያውቅም። "ከተራበ ሰው ጉሮሮ ነጥቄ አልበላም" እያለ ጓደኞቹን ይዘልፍ ነበር። ይህ እንግዲህ እህቱ እስክትመጣ ድረስ ነው።

ታላቅ እህቱ ኡምሰልማ ባሏንና ሁለት ልጆቿን መንገድ ላይ ቀብራ፣ የቀረቻትን ሀምዳን አዝላ ሚሌ ገባች። ሀምዳ አምስት ዓመቷ ነው፤ ላያት ሰው ግን ገና ጡት ያልጣለች ትመስላለች። መጠለያው ሞልቶ ምዝገባው ቆሟል፤ ያልተመዘገበ ደግሞ አይታደለውም። ገበያው ላይ እህል የሚባል ነገር የለም። ጣሃ ቤት የነበረችው ዱቄትም አለቀች። በገዛ ገንዘቡ ከጅቡቲ ወተትና ብስኩት ቢገዛላትም ጋላፊ ኬላ ላይ ኮንትሮባንድ ነው ተብሎ ተወረሰበት። ከኋላው ተራራ የሚያህል ምግብ ጭኖ፣ ለእህቱ ልጅ የያዛትን አንዲት ካርቶን ተነጥቆ ባዶ እጁን ቤቱ ገባ። እንዲህ ያለ ዘመን ነበር፤ አይድገመው!

እንደገና ሊወጣ ሲል ኡምሰልማ በር ላይ ቆማ፣ "ጣሃ፣ ስትመለስ ይቺን ልጅ የምታገኛት አይመስለኝም" አለችው።

"አገኛታለሁ፣ ኢንሻአላህ" አላት። ወደ ልጅቷ መዞር ግን አልደፈረም።

በዚያ ጉዞ ጋላፊን እንዳለፈ መኪናውን ከመንገድ አውጥቶ ሸራውን ፈታ። ወተቱና ብስኩቱ በጣሳ ስላልታሸጉ ያለው ምርጫ ሥጋና አሳ ነው፤ ሥጋውን ትቶ አሳውን መረጠ። ሥጋውን ማን እንዳረደው አይታወቅም፤ ኡምሰልማ ደግሞ ሞት አፋፍ ላይ ብትሆንም ያልታወቀ እርድ ለልጇ አታቀምስም። አሳ እርድ አያሻውም። አንድ ካርቶን ከፍቶ የክሪኩን ብረት አነሳ። እጁ አልለመደም። ገና ሲጀምር ከኋላ የወታደር መኪና ድምፅ ሰማ። ደነገጠ። ጣሳዎቹን ሆድና ከንፈር ሳይለይ ወረደባቸውና ካርቶኑን ሸጉጦ፣ ሸራውን አስሮ መሪውን ጨበጠ።

ሰርዶ ሲደርስ መንገዱ ተዘግቶ አገኘው። ወደፊት ተኩስ አለ ተብሎ፣ እጀባ እስኪመጣ ማንም እንዳይንቀሳቀስ ታዘዘ። መኪኖቹ ተሰልፈው በዚያ የአፋር ፀሐይ ቀናት ቆሙ። የጭነቱ ብረት እጅ ይልጥ ነበር። ጣሃ መኪናው ሥር ተጋድሞ የሚያስበው ስለ ሀምዳ ብቻ ነው፤ ጣሳዎቹ ትዝም አላሉት።

በመጨረሻ ሚሌ ገብቶ ሲያራግፍ በለጠ ካርቶኑን አየና ቀና ብሎ፣ "ጣሃ፣ አንተም?" አለው።

"የእህቴ ልጅ ናት፣ ጋሼ በለጠ።"

በለጠ ፊቱን አዞረ። "በል ይዘህ ጥፋልኝ።"

ሀምዳ በሕይወት ነበረች። ጣሃ ይህን ሲያይ አምላኩን አመሰገነ። ግን እጀባው ወዲያው ስለሚመለስ መቆየት አልቻለም። ካርቶኑን ለኡምሰልማ እየሰጠ፣ "እቴ፣ ይሄ አሳ ነው" አላት።

"አሳ? ያ ውሃ ውስጥ የሚኖረው? ምኑ ይበላል!"

"ይበላል፣ ሐላል ነው። እናንተ ስለማታውቁት ሽታው ይከብዳችኋል። አሳ ሲባል ይሸታል። እሷም እምቢ ብትል አፏን ይዘሽ አጉርሻት።"

"እሺ፣ አንተ ካልክ" አለች።

ሲመለስ ሀምዳ ተቀብራ ነበር። ሚሌ ላይ ያኔ ሕፃን ሲሞት በምን ሞተ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ጣሃ መሬት ላይ ተቀምጦ እንደ ልጅ አለቀሰ። ያጽናናችው ኡምሰልማ ናት።

"ተው ወንድሜ፣ አልሐምዱሊላህ በል። የኔ ልጅ እንደ ወንድሞቿ ባዶ ሆዷን አልሞተች። ይሸታል ብላ ስታለቅስ፣ እንዳልከኝ አፏን ይዤ አጎረስኳት። ለሷ ይትረፍ ብዬ እኔ አልቀመስኩትም። ሆዷን ቁርጠት ያዛት፣ አስመለሳት፤ ቢሆንም ጠግባ ነው የሄደች። አላህ ውለታህን ይክፈልህ።"

ጣሃ እንባውን በእጁ ጠረገ። እሷም ከመንገድ መግባቱ ትዝ አላትና ከማሰሮው ውሃ ቀድታ ሰጠችው። የቀዳችበት ያው የአሳው ጣሳ ነበር፤ አጥባ፣ አፉን በድንጋይ አለስልሳ መጠጫ አድርጋዋለች። ጣሃ ተቀብሎ ወደ አፉ ሲያስጠጋ ጭኑ ላይ ውሃ ጠብ አለ። ጣሳዋን አዙሮ አየ። ከታች፣ ጠርዟ ላይ፣ ብረቱ ባረፈበት በኩል፣ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ ነበረች።

"ታፈሳለች፣ ቶሎ ጠጣው" አለች ኡምሰልማ። "መጀመሪያም ቀዳዳ ነበረች፤ ካርቶኑን ስከፍተው ዘይቷ አርሶት ነበር። ሀምዳ የበላችባት ስለሆነች መጣሉ አላስችል አለኝ።"

ጣሃ ቀዳዳዋን በአውራ ጣቱ ደፍኖ ጠጣው። ምን ብሎስ ይንገራት?

ኡምሰልማ ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን አብራው ኖረች። ቤቱ ብርጭቆም ኩባያም ገባበት። እሷ ግን እስክትሞት ድረስ ከመንገድ በገባ ቁጥር ውሃ የምትሰጠው በዚያች ጣሳ ነበር። ጣሃም አንድ ቀን እንኳ እምቢ ሳይል፣ ቀዳዳዋን በጣቱ እየደፈነ ይጠጣ ነበር።