ለነፍሰ ጡሯ የተቀመጠው ወይራ

ልጅ ሳለሁ የሞጣን ክረምት ከሁሉ ቀድመው የሚያውቁት የእግሬ ጣቶች ነበሩ። ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ መንጫጫት ሲጀምር፣ ሁለት ካልሲ ደርቤ እንኳ አይሞቁልኝም ነበር። ያኔ በሰፈራችን የሣር ክዳን ቤት ያልለወጡ ጥቂት ሰዎች በቆርቆሯችን ይቀኑ እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ ግን በእነሱ ሙቀት እቀና ነበር። አያቴ የኔታ ሞላም በዚህ ነገር ከእኔ ጋር ነበሩ። «አባትሽ ቤት ሠራሁ ብሎ ጃንጥላ ዘርግቶብናል» እያሉ ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ይስቡታል።

የኔታ በወጣትነታቸው ደብረ ወርቅ ቅኔ ተምረው፣ ኋላም እዚያው ሞጣ ብዙ ዓመት ያስተማሩ ሰው ነበሩ። እኔ ነፍስ ሳውቅ ማስተማሩን ትተው ከእኛ ጋር ይኖሩ ነበር። ዓይናቸው ስለደከመ ሰውን የሚለዩት በድምፁና በአረማመዱ ሲሆን፣ የቀረቻቸውን ትንሽ ብርሃን ደግሞ የጉልቻው ጭስ እያስለቀሰ ይጨርሳት ጀመር። አናጢው አባቴ ሰኞ ቢቸና ሄዶ በርና መስኮት ሲሠራ ሰንብቶ ቅዳሜ ይመጣል። የአባቱ ዓይን ነገር እንቅልፍ ሲነሳው፣ ቢቸና ብየዳ ቤት ሄዶ ከበርሜል የእንጨት ምድጃ አሠራ፤ ሆዷ የተነፋ፣ ፊቷ ላይ ትንሽ በር ያላት፣ ጭሷን በቧንቧ አድርጋ በጣራ የምታወጣ። አውቶቡስ ላይ ተጭና ሞጣ ስትደርስ ረዳቱ ከላይ በገመድ ሊያወርዳት ሲታገል፣ አባቴ ከታች ሆኖ «ቀስ አድርጋት እንጂ፣ ነፍሰ ጡር ናት!» ብሎ ጮኸ። መናኸሪያው በሳቅ ተሞላ። ስሟም በዚያው ጸና። ቤታችን ውስጥ ምድጃ ብሎ የሚጠራት አልነበረም፤ «ነፍሰ ጡሯ ራባት»፣ «የነፍሰ ጡሯን አመድ አውጪ» እንባባል ነበር።

የኔታ መጀመሪያ ላይ አኮረፉ። እሳት ብረት ውስጥ ተቆልፎ ሰው ምን እያየ ያወራል አሉና ሁለት ቀን ጥግ ይዘው ተቀመጡ። በሦስተኛው ቀን ዝናቡ ሲበረታ በርጩማቸውን ስበው ተጠጉ፤ ከዚያ ወዲያ ማን ያስነሣቸው። ክረምት ላይ መብራት ቶሎ ቶሎ ስለሚጠፋ እናቴ ወደ ማታ ፋኖሱን ለኩሳ ራት ወደምትሠራበት ይዛው ትሄዳለች፤ እኔና የኔታ ለምድጃዋ እንተዋለን። ያኔ ትንሿን በር ያስከፍቱኛል። የፍሙ ቅላት ጋቢያቸው ጥለት ላይ ይወርድና እጆቻቸውን፣ ቀጥሎ ጢማቸውን ያበራል። ተረቱም ይጀመራል።

የተረቱ መስፈሪያ ሰዓት አልነበረም፤ አንድ ፍልጥ እንጨት ነበር። ሲጀምሩ አንድ ፍልጥ እከታለሁ። ፍልጡ ነዶ፣ ተሰብሮ ፍሙ ላይ ሲወድቅ ድምፁን ይሰሙና «ወደቀ» ይላሉ። አለቀ ማለት ነው። ንጉሡ ጽዋውን አንሥቶ ሊጠጣ ቢሆን፣ ሌባው በመስኮት ግማሽ አካሉን አስገብቶ ቢሆን፣ ባለበት ያድራል። ብለምን፣ ጉልበታቸውን ብስም፣ ነገ ሌላ ፍልጥ አለ ከማለት በቀር አንዲት ቃል አይጨምሩም።

በዚያ ክረምት የያዙት ተረት የአንዲት በቅሎ ነበር። በቅሎዋ ጨው ተጭና ዓባይን ስትሻገር ብቻ አፍ አውጥታ ትናገራለች፤ የምትናገረውም የጌታዋን ምሥጢር ነው። አዲሱ ጌታዋ ይህን ሳያውቅ ወደ ውኃው ነዳት። እኛ ደግሞ የምናነደው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ቦግ ይላል፣ ይንጣጣል፣ ሳይቆይ ተሰብሮ ይወድቃል። በቅሎዋ ከነጭነቷ ውኃው መሀል አራት ቀን ቆመች። እኔ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሌላ የማስበው የለኝ፣ ቀኑን ሙሉ ከእሷ ጋር ውኃ ውስጥ ቆሜ እውል ነበር።

ጓዳ፣ ከአልጋው ሥር፣ የወይራ ፍልጥ ነበረ። እናቴ ያኔ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ የምትወልደው መስከረም ላይ ነው ተብሏል። አባቴ ዝናብ ሳይገባ ራሱ ፈልጦ፣ አድርቆ፣ ግድግዳውን አስይዞ ደረደረው። ወይራ ቀስ ብሎ ነው የሚነደው፣ ፍሙም ይቆያል፤ የአራስ ቤት እሱን ይወዳል። ደርድሮ ሲጨርስ እጁን አራግፎ «ይህ ወይራ ለነፍሰ ጡሯ ነው። ማንም እንዳይነካብኝ» አለ።

እኔ ያደግሁት ቃል ሁሉ ሁለት ፊት ባለው ቤት ነው። የኔታ ከሰው ንግግር ውስጥ ሰሙንና ወርቁን፣ ላይ ላዩን ትርጉምና ውስጡን፣ ለይቼ ሳወጣ ከኪሳቸው ስኳር ያወጡልኛል። እና አባቴ ይህን ሲል ጆሮዬ ቆመ። ለነፍሰ ጡሯ። የትኛዋ? አልገባኝም ነበር ብዬ ላወራ አልችልም፤ በደንብ ገብቶኛል። ግን ቃሉ ሁለት በር እንዳለው ሳውቅ፣ አንዱን በር ለክፉ ቀን ብዬ ክፍት ተውሁት።

በአምስተኛው ቀን አንድ ወይራ አውጥቼ ከተትሁ። ያ ፍልጥ አልወድቅ አለ። በቅሎዋ ተናገረች፣ ተሻገረች፣ ማዶ ያለው ገበያ ደረሰች፣ ሌላ ተረት ተጀመረ። የኔታ መሀል ላይ አንድ ጊዜ ዝም ብለው ቀና አሉ፤ ጭስ እንደሸተተው ሰው አፍንጫቸውን ወደ ምድጃዋ በር መለስ አደረጉ። ከዚያ «እና በቅሎዋ…» ብለው ቀጠሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማታው አንድ ወይራ ወሰድሁ። ፊት ለፊት ያለውን ረድፍ ሳልነካ፣ በአልጋው ራስጌ በኩል ተንፏቅቄ እየገባሁ ከኋላ ነበር የማወጣው። እናቴ ቤት ስትጠርግ የምታየው ሙሉ ድርድር ነው።

እናቴን ምጥ የያዛት መስከረም ሳይደርስ፣ ነሐሴ እኩሌታ ላይ ነው። አባቴ ቢቸና ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ዘይነብ፣ ባሏ ገበያው ዳር ሱቅ ያለው፣ ነጠላዋን እንኳ ሳታስተካክል በባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። በማግስቱ ከቀትር በኋላ፣ ዝናቡ እያወረደው፣ እህቴን ታቅፋ እናቴን ደግፋ ተመለሰች። እህቴ ትንሽ ነበረች። እንዲህ ትንሽ ሰው አይቼ አላውቅም። እትዬ ዘይነብ እናቴን አልጋው ላይ አስተኝታ፣ ሕፃኗን ደረቷ ላይ አድርጋ ደራርባ ሸፈነቻቸውና «ነርሷ ብርድ እንዳይነካት፣ ቤቱ ይሙቅ ብላለች። በይ ቶሎ፣ እሳት!» አለችኝ።

እሷ እኔን አልጠበቀችም፤ ጎንበስ ብላ ከአልጋው ሥር ሁለት ፍልጥ ሳበች። ሦስተኛውን ስትስብ እጇ ባዶ ውስጥ ገባ። የፊቱ ረድፍ ተንዶ ጓዳው ወለል ላይ ተንከባለለ፤ በቁጥር ስምንት ነበር።

እኔን ይዛ ወደ ሳሎን ወጣችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሰብለ፣ ወይራው ወዴት ሄደ?» አለችኝ። የኔታ በርጩማቸው ላይ ነበሩ። ያን ጊዜ ነው ዓይኔን በጨው አጥቤ የተከፈተውን በር የገባሁበት።

«አባዬ ለነፍሰ ጡሯ ነው ብሏል» አልሁና በአገጬ ወደ ምድጃዋ አመለከትሁ። «ለነፍሰ ጡሯ ሰጠኋት።»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ስኳር ጠብቄ ነበር።

የኔታ አልሳቁም። «ሰሙ ደኅና ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ወርቁን ንገሪና።»

ውጭ ዝናቡ ነው፣ ውስጥ የእህቴ ድምፅ፤ ልቅሶ ሊባል የማይችል፣ የበር ማጠፊያ ሲጢጥ የሚል ዓይነት። የኔታ ጠበቁኝ። ብዙ ጠበቁኝ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ እትዬ ዘይነብ አዙረው «እንግዲያስ እኔ ልናገር፣ ዘይነብ። ያነደድሁት እኔ ነኝ። ዓይኔ ባያይም የወይራ ጭስ ሽታ አይጠፋኝም፤ እያወቅሁ፣ ወሬው ጥሞኝ ስሞቀው ከረምሁ። ልጅቱን ተያት» አሉ።

«ውይ የኔታ!» አለች እትዬ ዘይነብ። ሮጣ ወጣች።

እስክትመለስ ስምንቱን ወይራ ማግደን ውጭ ያለውን ባሕር ዛፍ አስገባን። እርጥብ ነው፤ ይንሿሿል፣ አረፋ ያወጣል፣ ቤቱን በጭስ ሞላው። የኔታ ጋቢያቸውን አውልቀው «እላያቸው ላይ ጣይው» አሉኝና በኮት ብቻ ተቀመጡ፤ ዓይናቸው ይፈስሳል። ጋቢውን ሳለብሳቸው የእህቴን እግር ነካሁ። ቀዝቃዛ ነበር። ለአንዲት በቅሎ ወሬ ብዬ እህቴን ገደልኋት አልሁ በልቤ። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

እትዬ ዘይነብ በላስቲክ የተሸፈነ ጋሪ እያስገፋች መጣች። የጫነችው ለልጇ ሠርግ ድግስ ዓመቱን ሙሉ ስታደርቅ የከረመችው እንጨት ነበር። አንድ በአንድ አውርዳ ለነፍሰ ጡሯ አጎረሰቻት፤ ቧንቧው ቀላ፣ ጭሱ ጠራ፣ ጓዳው ድረስ ሙቀቱ ገባ። መሸት ሲል እህቴ ጮክ ብላ አለቀሰች። ሰው በልቅሶ ሲደሰት ያየሁት ያኔ ነው።

እዚህ ላይ ቢያበቃ እኔም ረስቼው ይሆን ነበር። ጧት ግን የኔታ በዘንጋቸው እየዳበሱ እስከ ጓዳው ደጃፍ ሄዱና «እንዴት አደርሽ ልጄ» አሏት። እናቴ ለየኔታ ሳትነሣ ቀርታ የማታውቅ፣ ምግባቸውን ራሷ ሳታቀርብ እህል የማትቀምስ ሴት ነበረች። ወይራውን ያነደድሁት እኔ ነኝ ብለው ማታ ራሳቸው ነግረዋት ኖሯል። «እግዚአብሔር ይመስገን» አለች፤ ፊቷ ወደ ግድግዳው ነበር። አልዞረችም። የኔታ ትንሽ ቆዩ፣ የምትጨምረው ካለ ብለው ነው። ከዚያ እንደዳበሱ ተመልሰው፣ ካፊያው ውስጥ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጡ።

ያ አረማመዳቸው አንጀቴን በላው። ሰርቆ ከሰው ቤት እንደሚወጣ ሌባ ድምፅ እንዳያሰሙ ተጠንቅቀው ነበር የሚራመዱት፤ በገዛ ልጃቸው ቤት። ቅኔ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፤ ቢፈልጉ ሰባት ዓይነት መውጫ ነበራቸው። እሳቸው ያሉት ግን አንድ ትርጉም ብቻ ያለው ቃል ነው።

የጓዳውን በር ገፋ አድርጌ ደጃፉ ላይ ቆምሁ። ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረ፤ ጠፋኝ።

«እማዬ፣ ወይራውን ያነደድሁት እኔ ነኝ። የኔታ አልወሰዱም። ለአንቺ እንደሆነ አውቄ ነበር።»

እናቴ ዞረች። ብዙ አየችኝ። በያዝሁት በር በኩል የሚገባው ነፋስ የጋቢውን ጫፍ ያነሣው ነበር። እኔ ጥፊ ልትሰጠኝ፣ ወይም ልታለቅስ፣ ወይም ለአባቴ እነግራለሁ ልትል እየጠበቅሁ ነው።

«ግቢና ዝጊው» አለች። «ብርድ ገባ እኮ።»

ገባሁ። ዘጋሁት። ከአልጋው ጠርዝ ትንሽ ፈቀቅ አለችልኝ፤ የእህቴን ሁለት እግር በአንድ መዳፌ ያዝሁ፣ ሞቀው ነበር። እናቴ «የኔታ የት ሄዱ?» አለች፤ ጋቢያቸውን ከላይዋ አንሥታ በእጄ ሰጠችኝና እያለቀሰች «ሩጪ፣ ሳይርቁ፣ ቁርስ ቀርቧል በያቸው» አለችኝ።

አሁን ቢቸና አስተማሪ ነኝ። የየኔታ ተረቶች አብዛኞቹ ከአእምሮዬ ጠፍተዋል። በቅሎዋ ዓባይ መሀል ላይ ምን እንደተናገረች ለማስታወስ ስንት ጊዜ ሞክሬ አቅቶኛል፤ ያን ያህል ከፍዬበት። ነገር ግን አንዳንድ ቀን አንድ ተማሪ የሠራውን ጥፋት ይዞ የመምህራን ክፍል በር ላይ ይገተራል፣ አይገባም አይሄድም፣ አፉ ውስጥ ሁለት ፊት ያለው ቃል ሲያገላብጥ አየዋለሁ። ልቆጣ እነሣለሁ። ከአፌ የሚወጣው ግን ሁልጊዜ የእናቴ ቃል ነው፤ ግባና ዝጋው።