ያልተሸጠው ዝክር

ስኪዳም ከሮተርዳም ጎን የተለጠፈች የመርከብ ሠሪዎች ከተማ ናት። በዚያች ከተማ የትነበርሽን ሰው ሁሉ የሚያውቃት በሁለት ነገር ነበር፤ በአተር ሾርባዋና በምላሷ። ሾርባዋ እንደ አገሩ ደንብ ማንኪያ ቀጥ አድርጎ የሚያቆም ነው። ምላሷም ከዚያ አያንስም። ሆላንድኛዋን የለቀመችው ከበያጆችና ከቀለም ቀቢዎች አፍ ስለሆነ፣ አክብሮት የሚባለውን አነጋገር አልደረሰችበትም። የከተማው ከንቲባ እንኳ ቢያገኟት «አንተ» ነው የምትላቸው። በአማርኛ ግን ለሽማግሌ ከወንበሯ ሳትነሣ አትናገርም ነበር፤ ይህንን ሆላንዶቹ ስለማያውቁ ባለጌ ትመስላቸዋለች፣ እሷም ይምሰላቸው ብላ ትታዋለች።

አገሩን የረገጠችው በፈረንጅ 1976 ነው፤ ዴንሃግ ለተመደበ ዲፕሎማት ቤተሰብ ምግብ አብሳይ ሆና መጣች። ሰውየው ብዙም ሳይቆይ ወደ አገር ቤት ተጠራ። ሻንጣ ሲታሰር እሷ «እኔን ማን ጠራኝ?» ብላ ቀረች። ታናሽ ወንድሟ አበጋዝ አዲስ አበባ መታሰሩን የሰማችው በዚያው ሰሞን ነበር። ጊዜው የታሰረ ልጅ እናት በማለዳ በር ከፍታ ለማየት የምትፈራበት ጊዜ ነበር። የትነበርሽ በባዕድ ወጥ ቤት ቆማ፣ የሰው ድስት እያማሰለች ለሚካኤል ተሳለች። ወንድሜን በሕይወት ካወጣህልኝ፣ ዕድሜ ልኬን በየወሩ በቀንህ፣ በስምህ የመጣውን ሁሉ አበላለሁ አለች። አበጋዝ ወጣ። አብረውት ከታሰሩት ብዙዎቹ አልወጡም።

ከዚያ ወዲህ ስለቷን አጓድላ አታውቅም። ስኪዳም ላይ ከመርከብ ፋብሪካው በር ፊት ለፊት ያለችውን ትንሽ ምግብ ቤት የተከራየችው በ1980 ነው። በምሳ ሰዓት የፋብሪካው በር ሲከፈት ሰው እንደ ጎርፍ ይወጣና ግማሹ እሷ ዘንድ ይገባ ነበር። በአዘቦት ቀን ሾርባና እንቁላል በዳቦ ትሸጣለች። በወሩ በአሥራ ሁለት፣ በሚካኤል ቀን ግን የገንዘብ ሣጥኗን ቆልፋ ምስር ወጥ፣ ሽሮና ድፎ ዳቦ አቅርባ ለገባው ሁሉ ታበላለች። መጀመሪያ የሚመጡት ወደቡ አካባቢ የቀሩ ጥቂት ያገሯ ሰዎች ብቻ ነበሩ። በኋላ ግን የመርከብ ሥራው ወደ ሩቅ ምሥራቅ ሄደ ተባለና ፋብሪካው ሰዉን በመቶ በመቶ ማሰናበት ጀመረ። ዳቦ ጋጋሪው ዘጋ፣ ፀጉር አስተካካዩ ዘጋ፣ ከጎኗ ያለው ጫማ ቤት መስኮቱን በሳንቃ መታው። ያኔ የተሰናበቱት ሆላንዶችም በሚካኤል ቀን መምጣት ለመዱ። የትነበርሽ ማን ነህ ብላ የጠየቀችው የለም፤ ዝክር የመጣውን ይቀበላል እንጂ አይመርጥም።

ከተማው ሲደኸይ የማይደኸየው ግብር ብቻ ነበር። በመንገዱ ላይ ክፍት የቀሩት ሱቆች በጣት የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ የግብር መርማሪው እነሱን አጥብቆ ያዘ። በፈረንጅ 1984፣ በጥቅምት ማብቂያ ላይ የትነበርሽ ዘንድ የመጣው ሜነር ቦምስማ፣ እንደኛ አቶ ቦምስማ የሚባል፣ ጫማውን ደጃፍ ላይ ሳይጠርግ የማይገባ ጨዋ ሰው ነበር። ክፉ ሰው ቢሆን ይቀል ነበር፤ ክፉን ሰው መስደብ ይቻላል።

«ሜፍራው» አላት፣ ወይዘሮ ማለቱ ነው፣ ደረሰኞቿን ካገላበጠ በኋላ፤ «ይህን ሁሉ ምስር ገዝተዋል። የሚሸጡት ግን የአተር ሾርባ ነው። በአተር ሾርባ ውስጥ ምስር አይገባም። የት ደረሰ?»

«ሰው በላዋ።»

«እንግዲያው ሸጠውታል፤ አላስመዘገቡትም።»

«አልሸጥኩም። የሚካኤል ነው።»

ቦምስማ እስክሪብቶውን አዘጋጀ። «ሚካኤል ማነው? እዚህ ተቀጥሮ ይሠራል?»

የትነበርሽ ሳቋን ዋጠች። ከዚያ በተሰባበረው ሆላንድኛዋ ስለቷን አስረዳችው። ሰውየው በትዕግሥት ሰማት፤ ሳያምናት መቅረቱ ግን ፊቱ ላይ ነበር። በእሱ ሕግ፣ ምግብ ቤት ውስጥ የተበላ ምግብ የተሸጠ ምግብ ነው። ያለፉት ዓመታት ዝክር ሁሉ እንደ ተደበቀ ሽያጭ ተገምቶ፣ ግብሩ ከነቅጣቱ ቢጠየቅ ቤቷ በማግሥቱ ይዘጋል። ይህንንም ሳይሸሽግ ነገራት።

«በአሥራ ሁለት ና» አለችው። «በዓይንህ እይ።»

እሱም አሥራ ሁለት ብሎ ያዘና ሄደ።

ቃሉን ጠብቆ በኖቬምበር አሥራ ሁለት፣ ሰኞ ቀን መጣ። ያገኘው ምንድነው? ጥቂት ሰዎች የአተር ሾርባቸውን ጠጥተው፣ አንድ በአንድ ሂሳባቸውን ከፍለው ሲወጡ ነው። የትነበርሽም መልስ ቆጥራ እየሰጠች ነበር። ሰውየው በር ላይ ቆሞ አየ፣ አየና «ዛሬ በነፃ የሚያበሉበት ቀን መስሎኝ ነበር» አላት።

«ዛሬማ ሦስት ነው» አለችው፤ ኅዳር ሦስት ነበራ።

ቦምስማ የተቀለደበት መሰለው። ጆሮው ቀላ፤ ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ። እሷም ቀኑን ሳይጠብቅ መጥቶ የሚቆጣ ሰው ምን ይባላል ብላ ስትገረም ዋለች።

አበጋዝ እሑድ ዕለት ከራይስዋይክ መጣ። ሆላንድ ከገባ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ አንድ ቢሮ ውስጥ የሂሳብ ሠራተኛ ነው፣ ክራቫት ያስራል። እህቱ የሆነውን ስትነግረው ግንባሩን በእጁ ያዘ።

«እትዬ፣ የማንን አሥራ ሁለት ነው የነገርሽው?»

«የሚካኤልን ነዋ። ሌላ አሥራ ሁለት አለ?»

«የነሱ አለ። ሰውየው እኮ በነሱ ካላንደር ነው የመጣው። አሁን ውሸታም ነች ብሎ ሪፖርት ያደርጋል።»

የትነበርሽ ያን ጊዜ ገባት። እሱ ግን ንግግሩን አላቆመም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ አስታማሚ ቀስ እያለ መከራት። «ሸጫለሁ በያቸው። ይሄ ቤላስቲንግ የሚሉት ግብር ሰብሳቢ ከተከራከሩት ይከፋል፤ ካመኑለት በየወሩ እየተከፈለ እንዲያልቅ ይፈቅዳል። ዝክሩንም ለጊዜው ተዪው። ፋብሪካው ሞቷል፣ ገበያሽ ሞቷል። ሚካኤል ችግርሽን ያውቃል፤ አይቀየምሽም።»

እህቱ ሽንኩርት የምትከትፍበትን ቢላዋ አስቀመጠች። አበጋዝ ይህንን አኳኋኗን ከልጅነቱ ጀምሮ ስለሚያውቀው ወንበሩን ትንሽ ወደ ኋላ ገፋ።

«ማን እንዲወጣ ነው የተሳልኩት?» አለችው።

አበጋዝ እጁን ክራቫቱ ላይ አደረገ።

«እኔ የምጠይቅህ ይሄንን ብቻ ነው። ማን እንዲወጣ ነው? አንተ ቆመህ ክራቫት የምታስርበት አንገት የተሰጠኝ በምን ነው? ሸጥኩት ልበል? አንተን በስንት ሸጥኩህ ልበላቸው?»

አበጋዝ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከዚያ በኋላ ስለ ግብር አላነሣም፤ ሽንኩርቱን ከፊቷ ወስዶ መክተፍ ጀመረ። ክፉኛ ነው የከተፈው።

በማግሥቱ የትነበርሽ ካፖርቷን በሽርጧ ላይ ደርባ ሮተርዳም ወረደች። በግብር ቢሮው ያለውን ሰልፍ ሁሉ ተሰልፋ ቦምስማን አስጠራችው። ሰውየው እንዳያት ፊቱን አጠቆረ።

«መጥቼ አይቻለሁ» አላት።

«የመጣኸው በእናንተ አሥራ ሁለት ነው። የኛ ከነገ ወዲያ ነው፤ ረቡዕ።»

«ስንት ካላንደር ነው ያላችሁ?»

«አንድ። ሁለተኛው የእናንተ ነው።»

ከኋላዋ የተሰለፈ ሰው ሳቀ። ቦምስማ አልሳቀም። ነገር ግን ልበ ቅን ሰው ስለነበረ ትንሽ አሰበና ለመጨረሻ ጊዜ እመጣለሁ አላት። ከዚያ በኋላ መዝገቡ እንደሚዘጋና ክርክር እንደማይኖርም አስጠነቀቃት።

ረቡዕ ኅዳር ሚካኤል ነበር፤ በፈረንጅ ኖቬምበር ሃያ አንድ። ከወደቡ የሚነሣው ንፋስ ፊት ይገርፋል። አበጋዝ ከሥራ ፈቃድ ወስዶ መጥቶ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ሳህን ያመላልሳል። ቄስ በአካባቢው ስላልነበረ ዳቦውን የሚባርኩት አቶ ኣብራሃለይ ናቸው፤ የምፅዋ ሰው፣ ጡረታ የወጡ መርከበኛ፣ በልጅነታቸው ዲቁና የተቀበሉ። አቡነ ዘበሰማያት ሲደግሙ ሆላንዶቹ በያጆችም ቆባቸውን አውልቀው ይቆማሉ። ምን እንደሚባል ባያውቁም መቼ እንደሚያልቅ አውቀውታል።

«ዛሬም ሥጋ የለም?» አለ ሌንደርት፣ ከሥራ ከተሰናበተ ሁለተኛ ዓመቱን የያዘ ግዙፍ በያጅ።

«ረቡዕ ነው። ብላና ዝም በል» አለችው የትነበርሽ።

ቦምስማ ጥግ ላይ ካለ ጠረጴዛ ተቀምጧል። ካፖርቱን አላወለቀም። ሰዉ ይገባል፣ ይበላል፣ እጇን ጨብጧት ይወጣል፤ የገንዘብ ሣጥኑ እንደተቆለፈ ነው። ሰውየው ያንን እያየ መጻፍ ሲጀምር አበጋዝ ተነፈሰ። ሁሉም ነገር መስመር ይዞ ነበር።

ሌንደርት ተነሣ። የሰው ደግነት አንዳንዴ ጊዜ አያውቅም። የየትነበርሽን ጭንቀት ከሰፈር ሰው ሰምቶ ኖሮ፣ ከወዳጆቹ ጋር ተማክሮ ነው የመጣው። ማን ጥግ ላይ እንደተቀመጠ ግን የነገረው አልነበረም።

«ስሙኝ» አለ፤ «ይህች ሴት ሥራ ካጣን ጀምሮ በነፃ ስታበላን ኖራለች። አሁን ቤላስቲንግ ቤቷን ሊዘጋባት ነው። ዛሬ የበላ ይክፈል።»

ቆቡን አዞረው። ከመንግሥት ድጎማ የሚኖሩት እነዚያ ሰዎች ኪሳቸውን አራገፉ፤ ሳንቲምም ወረቀትም ገባ። ሌንደርት የሞላ ቆቡን አምጥቶ ድስቱ አጠገብ አስቀመጠላት። ከፊቱ ላይ የሚነበበው ደስታ ብቻ ነው። አበጋዝ ግን ሳህን እንደያዘ ክው ብሎ ቀረ፤ ቦምስማም እስክሪብቶውን አቆመ።

ሰውየው ከጥግ ተነሥቶ ወደ የትነበርሽ ቀረበና በለሆሳስ ተናገራት። «ሜፍራው፣ ገንዘቡን ይቀበሉ። ዛሬውኑ እንደ ሽያጭ ይመዝግቡት። ያለፈውንም በዚሁ ልክ በትንሹ ገምቼ ቅጣቱን አነሣልዎታለሁ። ቤትዎ አይዘጋም። ከዚህ የተሻለ ላደርግልዎ አልችልም።»

ልቧ አልተወዛወዘም ብል ዋሸሁ። ያ ገንዘብ የክረምቱን ኪራይ ይሸፍን ነበር። ወንድሟም በዓይኑ እየለመናት ነው። የትነበርሽ ቆቡን አነሣች፣ መዘነችው፣ ከዚያ ሌንደርት ደረት ላይ ገፋችው።

«የያንዳንዱን መልስለት» አለችው። «ነገ ና፣ ሾርባ ግዛኝ፤ ነገ አንዲት ሳንቲም አልምርህም። ዛሬ ግን ቤቱ የኔ አይደለም። በሰው ቤት ሂሳብ አልቀበልም።»

«ልረዳሽ ብዬ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ። ባላውቅ ኖሮ ጭልፋውን ነበር የማነሣብህ። ተቀመጥና ብላ።»

ሌንደርት አንገቱን ደፍቶ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረ ገንዘቡን መለሰ። ማን ስንት እንደሰጠ ስለጠፋበት ብዙ ተጨቃጨቁ። የትነበርሽ እነሱን ትታ አንድ ሳህን ምስርና ዳቦ ሞላችና ቦምስማ ፊት አስቀመጠች። ዝክር ቤት ገብቶ ሳይቀምስ የሚወጣ ሰው አታውቅም።

ሰውየው የኪስ ቦርሳውን አወጣ።

«መልሰው» አለችው።

«ካልከፈልኩ መብላት አልችልም።»

«ለምን?»

«መዝገቡን ከያዝኩለት ሰው ስጦታ መቀበል አይፈቀድልኝም።»

የትነበርሽ ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«ምን መቀበል?»

ቦምስማ ሳህኑን አየ፣ የተቆለፈውን ሣጥን አየ። «ስጦታ» አለ፣ በዝግታ።

«እሱን ጻፈዋ።»

ሰውየው ተቀመጠና ጻፈ። ሲጨርስ ሽያጭ ካልሆነ ቅጣት እንደሌለበት፣ ቤቱም እንደማይዘጋ ነገራት። ሆኖም በነፃ ለሰጠችው እህልም ቢሆን ጥቂት ግብር እንዳለበት ጨመረላት፤ ሕጉ ነው አለ፣ እያፈረ።

«ለሰጠሁት ከሆነ እከፍላለሁ» አለችው የትነበርሽ። ከዚያ ሕጉ እንዳይነካው የከለከለውን ሳህን ከፊቱ አነሣችና በር ላይ ቦታ አጥቶ ለቆመ ሰው ሰጠችው።