ለጉብኝት የተበየደ ገመድ

በእሳት አደጋ ጣቢያው በስሙ የሚጠራው የለም፤ ሁሉም «ካቻቢቴ» ነው የሚለው። ከደረት ኪሱ ካቻቢቴ ጠፍቶ ስለማያውቅ ነው። የመኪናውን ሞተር፣ የውኃውን ፓምፕ፣ የሬዲዮውን አንቴና፣ የአለቃውን ወንበር እግር ሳይቀር የሚጠግነው እሱ ነው። ከሙያ ትምህርት ቤት እንደወጣ ሬዲዮ ጠጋኝ ሆኖ ጀመረ፤ ሰው ሬዲዮ ማስጠገን ሲተው እዚህ ጣቢያ ተቀጠረ። «የማይሠራ ዕቃ የለም፣ ያልተከፈተ ዕቃ እንጂ» ይላል። ሌላ ትዕቢት አልነበረበትም፤ ይህችው ግን አልበቃችም አይባልም።

ከእጁ ወጥቶ የማያውቅ አንድ በሽተኛ ነበረው፤ የአምቡላንሱ የልብ መከታተያ። ደረቱን ያመመው ሰው ሲገኝ ገመዶቹ ደረቱ ላይ ይለጠፉና የልቡ ምት መስታወቱ ላይ መስመር ሆኖ ይታያል። ሐኪም ቤት ሲደርሱ ሐኪሙ ሥራውን የሚጀምረው ከዚያ መስመር ነው። የጣቢያው ማሽን ግን አርጅቷል። ፋብሪካው መሥራቱን ካቆመ ቆይቷል፣ መለዋወጫ አይገኝም። ዋናው ገመድ መሰኪያው ሥር ውስጥ ውስጡን ስለተበላ መኪናው ጉድጓድ በመታ ቁጥር መስመሩ ድርግም ይላል። ካቻቢቴ በጥቁር ናስትሮ እየጠቀለለ ገመዱን በፋሻ የተጠቀለለ ጣት አስመስሎታል።

ሲስተር የሚሏት የአምቡላንሷ ነርስ አዲስ ማሽን ለማስገዛት ያላንኳኳችው በር የለም። በመጨረሻ ጆሮ የሰጣት የገበያው ነጋዴዎች ማኅበር ነው። ሊቀመንበሯ ሚስማርና ቀለም ነጋዴ ናት፤ የዚህ ጣቢያ ሰዎች ሱቋን ከእሳት አትርፈውላታልና ውለታ ይዟታል። መጥተን አሮጌውን እናየዋለን፣ ከዚያ እንወስናለን አለች።

በጣቢያው እንግዳ ሲመጣ ሁሉም ነገር ይወለወላል፤ ጎማው ይታጠባል፣ ቱቦው ይጠቀለላል፣ አለቃውም ጫማውን ያስጠርጋል። ካቻቢቴ ማሽኑን እንዳለ ሊተወው አስቦ ነበር። ከሊቀመንበሯ ጋር ማን እንደሚመጣ ሲሰማ ግን ሐሳቡ ተገለበጠ። የማኅበሩ ጸሐፊ የድሮ የክፍል ጓደኛው ነው። አንድ ጠረጴዛ ላይ ነው ብየዳ የተማሩት፤ የዚያኛው ብየዳ እንደ ሻማ ሲንጠባጠብ ክፍሉ በሙሉ ይስቅ ነበር። አሁን ማቀዝቀዣና ቴሌቪዥን አስመጪ ነው። ያን የናስትሮ ክምር ሲያይ ምን እንደሚል ካቻቢቴ ቀድሞ ተሰማው።

ከምሳ በኋላ የወርክሾፑን በር ዘጋ። ናስትሮውን ላጠ፣ ገመዱን ቆረጠ፣ የውስጥ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በእርሳስ በየደ፣ አዲስ ጎማ አለበሰው። የማሽኑም ባትሪ ደክሞ ነበርና የመጠባበቂያውን ሬዲዮ ባትሪ አውጥቶ ማሽኑ ውስጥ ገጠመው። መዳቡ ራሱ ደርቋልና ብየዳው የመኪና መንገጫገጭ እንደማይችል ያውቃል። ለነገ ይበቃል አለ። ለሲስተር ትንፍሽ አላላትም።

በማግሥቱ ገመዶቹን በአለቃው ደረት ላይ ለጠፏቸው። መስመሩ ጥርት ብሎ አረንጓዴ ወጣ። አስመጪው ጎንበስ ብሎ አዲስ ጎማ የለበሰውን ገመድ አየና የካቻቢቴን ትከሻ መታ አደረገ።

«እጅህ አሁንም እጅ ነው።»

ካቻቢቴ ደስ አለው፤ መቼም አይካድም። ሊቀመንበሯ መስታወቱን በጣቷ እያሳየች ይሄማ ከእኔ ቴሌቪዥን ይሻላል አለች፣ ሰው ሁሉ ሳቀ። ሲስተር ብቻ አልሳቀችም። መኪና ላይ ሲሆን እንደሚጠፋ ልታስረዳ ሞከረች፤ ሴትዮዋ፣ አዲስ ቀሚስ የምትለምንን ልጅ እንደምትሰማ፣ በትዕግሥት ሰማቻት። ሳምንቱ ሳያልቅ መልሱ መጣ፤ ማሽኑ ደህና ስለሆነ ገንዘቡ ለሚያፈሰው የገበያ ጣራ ይሁን ተብሏል።

ሲስተር ወርክሾፑ በር ላይ ቆመች። የገመዱን አዲስ ጎማ ይዛ ወዲያ ወዲህ አገላበጠችው። «ወንድሜ፣ ገደልከኝ» ብላ ሄደች። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

ብየዳው የከዳው አንድ ልብስ ሰፊ ደረቱን ይዞ ሱቁ ውስጥ የወደቀ ዕለት ነው። መኪናው ከመንቀሳቀሱ መስመሩ ጠፋ። ሲስተር የሰውየውን የልብ ምት ከእጁ አንጓ ላይ በጣቷ እየዳሰሰች ሐኪም ቤት አደረሰችው። ሐኪሙ መንገድ ላይ ልቡ እንዴት ይመታ እንደነበር ሲጠይቃት የምትመልሰው አልነበራትም። ልብስ ሰፊው ተርፏል። ካቻቢቴ ግን ይህን ሲሰማ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

ቤት ገብቶ ለሚስቱ ነገራት። ልታጽናናው አልሞከረችም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ አንተ ደግሞ የደበቅከው የሰው በሽታ ነው አለችው። ለእኔ ከምትነግረኝ ለገንዘቡ ባለቤቶች ንገር ብላ ሳህኑን አነሣች።

ማሽኑን አቅፎ የማኅበሩ ስብሰባ ላይ ገባ። ቢሮው ከአንድ መጋዘን በላይ ፎቅ ላይ ነው። እያላበው፣ ማሽኑ እንደማይሠራ፣ ያን ቀን ያዩትም የእሱ ሽፍንፍን እንደሆነ ተናገረ። አስመጪው እየሳቀ ሸሚዙን ፈታ፣ እስቲ ለጥፍብኝ አለ። ተለጠፈ። መስመሩ ጥርት ብሎ ወጣ።

አንዱ ነጋዴ ታዲያ ምን ጎደለው ሲል ሌሎቹ ተሣሣቁ። አንድ ሽማግሌ እህል ነጋዴ፣ ይሄ ሰው ማሽኑን ሳይሆን ራሱን ይታይልኝ አለ።

ካቻቢቴ ማሽኑን አነሣ። «በሽተኛ ወንበር ላይ ተቀምጦ አይጠብቀንም። ደረጃውን እንውረድ።»

አስመጪው ደረቱን ገልጦ፣ ካቻቢቴ ማሽኑን ታቅፎ፣ የቀሩት እንደ ሙሽራ አጃቢ ከኋላ ተከትለው ወረዱ። መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ መስመሩ ዝርግት አለ።

«አንተ፣ ሞተሃል እኮ» አለችው ሊቀመንበሯ።

አስመጪው መስታወቱን አየ፣ ደረቱን ዳሰሰ፣ ሳይስቅ ሸሚዙን ቆለፈ። ሴትዮዋ ወደ ካቻቢቴ ዞረች።

«ያን ቀን ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር፣ እትዬ።»

«ታዲያ አፍህን ምን ዘጋው?»

«ሰው ፊት እንዳላፍር ብዬ።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ ከነወለዱ አፈርኩ።»

የጣራው ሥራ ለከርሞ ተላለፈና ማሽኑ ተገዛ። አለቃው በሠራተኛው ፊት ካቻቢቴን አመሰገነ፤ ሲስተርም አጨበጨበች። እሱ ፓምፑ እያንጠባጠበ ነው ብሎ መኪናው ሥር ገባ። ፓምፑ ምንም አልነበረበትም።

ክረምቱ ሲገባ በገበያው በኩል አለፈ። አንዲት ቲማቲም ሻጭ ዕቃዋን በላስቲክ ሸፍና፣ እሷ ራሷ ከሚያፈስሰው ጣራ ሥር ተኮራምታ ተቀምጣለች። ከጣቢያው መሆኑን በልብሱ አወቀች።

«ማሽኑ መጣላችሁ?»

«መጣ፣ እናቴ።»

«እሰይ። እኛስ ዝናቡን ለምደነዋል።»

እሑድ ጠዋት ከጣቢያው የተጣለ አሮጌ ሸራ ለምኖ፣ መሰላል ተሸክሞ መጣ። ሴትየዋ ለማን ብለህ ነው አላለችውም፤ መሰላሉን ደገፈችለት እንጂ። አንዱን ጫፍ ከቋሚው ጋር አሠረ፣ ሌላውን ወጠረ። እሷ ከታች ሆና፣ እሱ የሠራውን ነገር አንዳች ሳታውቅ፣ ተባረክ እያለች ትመርቀዋለች። እሱ ወደ ታች አላየም። ያሰረውን ቋጠሮ ፈታና እንደገና አጥብቆ አሠረው።