የጉሬዛው ታንኳ

ልጅ ሳለሁ የጋምቤላ ምሽት ለእኔ የሚጀምረው በዓሣ ጭስ ነበር። ጎረቤታችን እማማ አሪየት ከባሮ የወጣ ዓሣ እየገዛች፣ በጭስ እያደረቀች ገበያ የምትሸጥ የአኙዋ ሴት ነበረች። ፀሐይ ስትጠልቅ ግቢዋ ካለው ማንጎ ሥር ፍሙን ቆስቁሳ ዓሣውን በእንጨት ርብራብ ላይ ትደረድራለች፤ ያኔ እኛ የሰፈሩ ልጆች፣ አኙዋውም ኑዌሩም እንደ እኔ ያለው ደገኛም፣ ጭሱ ትንኙን ስለሚያባርርልን ዙሪያዋን እንከባታለን። እናቴ ተመድባ የመጣች ነርስ ነበረችና ትልቅ ሰው አንቱ እንድል አስተምራኛለች፤ አሪየትን አንቱ ብላት ግን «እኔ አንድ ነኝ፤ ማንን ነው የምትጠሪው?» ብላ ሳቀችብኝ። ከዚያ ወዲያ አንቺ ነው የምላት።

ተረቱን የምትነግረን በአማርኛ ነበር፣ ሁላችንም የምንግባባው በእሱ ስለሆነ። አማርኛዋ ቁርጥርጥ ያለ ነው። ግን እግዜር ያሳያችሁ፣ እንደ እሷ ሲነግር የሰማሁት ሰው እስከ ዛሬ የለም።

ባሏን የበላው ባሮ ነው። ወይም ሰው ሁሉ እንደዚያ ይል ነበር። በወንዙ ሰው የሚያሻግር አንድ ባለታንኳ ነበር፤ ስሙን አልጠራውም፣ እሷም ስትጠራው ሰምቼ አላውቅም። ባሏን አሳፍሮ ሲሻገር ታንኳው መሃል ላይ ሰጠመ፤ እሱ ዋኝቶ ወጣ፣ ባሏ ቀረ። ሰውየው መንደር ገብቶ ያወራው ግን ስለ አዞ ነው። አዞው ታንኳውን ከሥር እንዴት እንደገፋው፣ ጀርባው ላይ ሣር ተጣብቆበት እንደነበር፣ ሟቹ ከመጥለቁ በፊት «ልጆቼን» እንዳለ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ እያወራ አገሩን አስለቀሰ።

አሪየት በማግስቱ ወንዙ ወደ ዳር የተፋውን ታንኳ ገልብጣ አየችው። ስንጥቅ አለው። ጣቷን ስታስገባ አሟለጫት፤ አሸተተችው፣ ሳሙና ነው። ያ ከንቱ፣ ሾፌሮች የሚያፈስ ነዳጅ ጋን በሳሙና ሲደፍኑ አይቶ፣ የእሱ ታንኳ የሚሄደው ውሃ ላይ መሆኑ ሳይታየው፣ ስንጥቁን በሳሙና ለጥፎ ነው ሰው የጫነው! ሽማግሌዎች ጠርታ እስክትመለስ ድረስ ታንኳው ተፈልጦ፣ ሰውየው እሳቱን እየሞቀ አገኘችው። እሷም እየጮኸች ተናገረች፣ መሬት ላይ እየተንከባለለች ተናገረች፤ ሐዘን ነው የሚያናግራት ብለው ደግፈው ወደ ቤቷ መለሷት። የእሱ ውሸት ሣር የተጣበቀበት ጀርባ ነበረው። የእሷ እውነት ግን ከእንባ በቀር ምንም አልነበረውም። ያኔ ጥርሷን ነከሰች። ከዚያ በኋላ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያን ስንጥቅ ከገዛ አፉ መስማት።

እኛ የሰማነው እንግዲህ የጉሬዛውን ተረት ነው። በተረቱ ጉሬዛ ታንኳ ይቀዝፋል፣ ስንጥቁን በሳሙና ለጥፎ አጋዘን አሳፍሮ ያሻግራል። ጉሬዛ ሲቀዝፍ ማን አይቶ ያውቃል? እኛ ግን አመንን። ጉሬዛው መቅዘፊያውን በግራ ብብቱ ያቅፋል፤ ሊዋሽ ሲል ደግሞ አስቀድሞ አፍንጫውን በክርኑ ይጠርጋል። ሳሙናው ልብስ የታጠበበት ስባሪ ነው፣ ፀጉር ተጣብቆበታል። ውሃው ሲገባ መጀመሪያ አረፋ ይታያል። ፍሙ ፊቷን ከታች እያበራው ይህን ስትል የሳሙናው ሽታ በጭሱ መሃል ይመጣብኝ ነበር። አንድ ቀን አንዱ ልጅ ተረቱን ልንገር ብሎ አረፋውን ዘለለው፤ ቆጣ ብላ አስቆመችው።

«ጉሬዛው ውሸት ይሁን» አለችው። «ታንኳው ግን እውነት ይሁን።»

ተረቱ ከግቢዋ ወጥቶ ከተማውን ዞረ። ሰውየው በወንዙ ዳር ሲያልፍ የሚታጠቡት ልጆች አፍንጫቸውን በክርናቸው እየጠረጉ «ሳሙና አለህ?» ይሉት ጀመር። ድንጋይ ይዞ ያባርረናል። እኛ ደግሞ ነገ ብሰን እንመጣለን። እናቴ ሰምታ ቆነጠጠችኝ፤ ቁንጥጫው አላስተወኝም። አንድ ነገር ግን አሪየት ነግራን አታውቅም፤ ስንጥቁ የታንኳው የቱ ጋ እንደነበር። ስንጠይቃት «ታንኳው ላይ» ብላ ዓሣዋን ታገላብጣለች።

በመጨረሻ ሰውየው አላስቻለውም። አንድ ምሽት፣ ገና ኩራዝ እየተለኮሰ ሳለ፣ ስሜን አጠፋች ብሎ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ መጣ። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡና እስቲ የሚባለውን ተረት እንስማው አሏት። እሷም ምንም ሳትደናገጥ ጀመረች። ሰውየው መጀመሪያ ራሱን እየነቀነቀ ይሰማ ነበር፤ ቆይቶ ግን ወሬ የሚወድ ሰው አይደል፣ ጆሮውን ሰጠና ወደ ፍሙ ጠጋ አለ። እሷ ታዲያ ጉሬዛው ሳሙናውን የለጠፈው ከፊት ለፊት፣ ታንኳው አፍንጫ ላይ ነው አለች። እኛ ተረቱን እንደ ስማችን የምናውቀው ልጆች ተያየን። ከፊት ብላ አታውቅም ነበር። ቀጥላ ታንኳው ወንዙ መሃል ደረሰ ስትል ሰውየው ሳቀ።

«ይቺ ሴት ታንኳ አታውቅም» አላቸው ለሽማግሌዎቹ። «ከፊት ቢሆን ኖሮ ውሃው ሳሙናውን ወዲያው ያጥበው ነበር፣ ከዳር አይርቅም። መሃል የደረሰው እኮ ስንጥቁ ከኋላ፣ ከመቀመጫው ሥር ስለነበረ ነው።»

የዓሣው ስብ ፍሙ ላይ ጠብ አለ። አሪየት ቀና እንኳ አላለችም።

«ጉሬዛው ነው የነገረህ?» አለችው።

ሰውየው መልስ ሊሰጥ አፉን ከፈተ። ከመናገሩ በፊት ግን አፍንጫውን በክርኑ ጠረገ። እሰይ! ያንን ሁላችንም አየን፣ ሽማግሌዎቹም አዩ። ከዚያ በኋላ ያለውን የሰማው የለም።

ካሣ ይክፈልሽ አሏት፤ አልፈልግም አለች። ይቅር በይው አሏት፤ እሱንም አልፈልግም አለች። የፈለገችው ሴቶቹ ልብስ የሚያጥቡበት ባሮ ዳር ቆሞ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ሳሙና ነው፣ ከመቀመጫው ሥር» እንዲል ነበር። አለ። ድምፁ አልሰማ ሲላት ደግመህ በል አለችው፤ ደገመው። እኔ እናቴን ተደብቄ ድንጋይ ላይ ቆሜ እያየሁ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፤ ዛሬም ሳስታውሰው ይጠጣል። ጭካኔ ነው የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ይበለኝ። ባሏ የቀረው ሬሳው እንኳ ሳይገኝ ነው።

አሁን እኔ ለልጆች ተረት እጽፋለሁ፣ ኑሮዬን የምገፋው ግን ትየርኪዲ የስደተኞች ካምፕ ተቀጥሬ ነው። ይህ ነገር እውነት ነው ወይ ብለው ሲጠይቁኝ ፍሙ ዳር የሰማሁት ይመጣብኛል፤ ጉሬዛዬ እንደፈለገ ይሁን፣ ታንኳዬን ግን ሳላሸት አልጽፍም። የተዋበ ወሬ ስሰማ ደግሞ ከማልቀሴ በፊት ታንኳው የት አለ እላለሁ።

አምና ከካምፕ ስመለስ ባለታንኳውን ኢታንግ ገበያ ላይ አየሁት። አርጅቷል፣ መረብ ይጠግናል። የነርሷ ልጅ መሆኔን ለየና አሪየት አለች ወይ አለኝ። ሞታለች አልኩት። ትከሻው ሲላላ አየሁ።

«ያ ተረትስ?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«እኔ ነኝ አሁን የምነግረው» አልኩት። «ከነመቀመጫው።»

አንድ ነገር ሊለኝ ፈልጎ ቀና አለ። ክርኑ ግን ቀድሞ ወደ አፍንጫው ሄደ፤ እኔም የሚለውን ሳልሰማ መንገዴን ቀጠልኩ።